ስለ በሬዎች መንጋጋ የተደረገ ጥናት

በዚያ ሜዳ ላይ ሥራ በደንብ የተከፋፈለ ነበር። በሬዎች ያርሳሉ፤ እጅ ያላቸው ዝንጀሮዎች ይጠምዳሉ፣ እርፍም ይይዛሉ፤ አህያ ትሸከማለች። አንበሳ ደግሞ ባለቤት ነው። ጥርሱ ስላረጀ አደን ትቷል፤ እህሉን ለወንዝ ማዶ እንስሳት እየሰጠ ሙክት ይቀበልበታል። ስለዚህ ምርት ሲቀንስ የሚጨነቀው ከልቡ ነው፤ ከሆዱም ጭምር።

ባለፈው መኸር እህሉ አነሰ፤ ሙክቱም አነሰ። አንበሳ ምክንያቱን የሚያርሱትን ሊጠይቅ ይችል ነበር። ነገር ግን አራሽን ስለ እርሻ መጠየቅ ለባለቤት አይመጥንም፤ አዋቂ ይቀጠራል። የተቀጠረው ጅብ ነበር። ጅብ አንድ ክረምት ወንዝ ማዶ ከርሞ «ምርታማነት» የሚል ቃል ይዞ ተመልሷል። ቃሉን ሲናገር ዐይኑን ጨፈን ያደርጋል።

ጠዋት ጠዋት ስለሚተኛ ጥናቱን ያካሄደው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሜዳው ሲደርስ በሬዎቹ ከቀንበር ተፈተው፣ ግራር ጥላ ሥር ጋደም ብለው ያመሰኳሉ። ከዚህ በላይ መቆየት አላስፈለገውም።

«ጌታዬ፣ ችግሩ ተደርሶበታል» አለ በጉባኤው ላይ። «እነዚህ ሠራተኞች አንዱን ሣር ሁለት ጊዜ ይበላሉ። አንዴ ቆመው፣ አንዴ ተኝተው። የመጀመሪያው ቁርስ ነው እንበል። ሁለተኛው ምንድን ነው? በሥራ ሰዓት የሚፈጸም ትዝታ ነው!»

ጉባኤው ሳቀ። በሬዎቹም፣ ነገሩ ስለ ራሳቸው መሆኑ እስኪገባቸው ድረስ፣ አብረው ሳቁ።

«እኔን ተመልከቱ» አለ ጅብ። «አጥንቱን ከነቀንዱ አንዴ ነው የምውጠው። አመሰኳሁ? አላመሰኳሁም። ምን ጎደለብኝ?»

ከበሬዎቹ ሁሉ በዕድሜ የገፋው፣ አመድማው ዳለቻ ተነሣ። «አያ ጅቦ፣ በእኛ ሆድ መጀመሪያ የሚገባው ጭነት እንጂ ምግብ አይደለም። ምግብ የሚሆነው ጥላ ሥር ስናኝከው ነው። ምርት የቀነሰውም ጌታችን መስኩን ለመኝታ ስለከለሉት ነው። ሣር ፍለጋ ጋራ ወጥተን፣ ደክመን ተመልሰን ነው የምንጠመደው።»

አንበሳ ጢሙን አሻሸ። «አስተያየትህ መልካም ነው፣ ዳለቻ። ጥናት ግን አይደለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማመስኳት ተከለከለ። ፊቱ ሣር ሳይኖር መንጋጋውን ሲያንቀሳቅስ የተገኘ በሬ «በክብር ያርፋል» ተባለ፤ የሚያርፈውም አንበሳ ማጀት ውስጥ ነው። ዝንጀሮዎች መንጋጋ እንዲጠብቁ ተመደቡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሬዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ስለተጠመዱ ብዙ መሬት ታረሰ፤ ጅብም ተሸለመ። ቆይቶ የበሬዎቹ ሆድ ተነፋ። ከዚያ ጎናቸው ከሳ፣ ትልሙም ይወላገድ ጀመር።

አንድ ረፋድ ዳለቻ ትልም መሐል ተንበረከከ። እንደ ወደቀም፣ ሳያስበው፣ መንጋጋው ተንቀሳቀሰ። ጠባቂው ዝንጀሮ ጮኸ።

ጉባኤ ተጠራ። «ጥናቱን ያከሸፈው ይኸው ነው» አለ ጅብ። «ደካማው ሲወገድ ምርታማነት ይነሣል። የቀንበር ጓደኛው ቦራ ይመስክር።» ወደ ግንባረ ነጩ ወጣት በሬ ጠጋ ብሎም በጆሮው «ሰነፍ ነው በል፤ ከመስኩ ትግጣለህ» አለው።

ቦራ ዳለቻን አየ። ትልም መያዝ ያስተማረው እሱ ነበር።

«ጌታዬ፣ አያ ጅቦ ያለው ልክ ነው» አለ ቦራ።

ዳለቻ ዐይኑን ጨፈነ።

«ዳለቻ ያመሰኳል። እኔም አመሰኳለሁ። ይህ ዐመል ከእኛ አይወጣም። እሱ ከሄደ ግን የቀንበሩ አንዱ ወገን ባዶ ይሆናል፤ አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። እባክዎ የማያመሰኳ ይጠመድልኝ።»

«የማያመሰኳ በሬ ከየት ይመጣል?» አለ አንበሳ።

«የግድ በሬ መሆን አለበት? አንገቱ የደነደነ፣ አጥንት አንዴ የሚውጥ፣ ምንም የማይጎድልበት እዚሁ ጉባኤ ላይ አለ።»

ሁሉም ወደ ጅብ ዞረ። ዕድሜ ልኳን ጅብ ፊት ቀና ብላ የማታውቀው አህያ «እውነትም አንገት ነው!» አለች።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ አማካሪ ነኝ!»

«እሱማ ነህ» አለ አንበሳ። ሙክት ከቀመሰ ሰንብቷል። «እኔ ጥናትህን አምኛለሁ። አንተ አታምንበትም?»

ጅብ አላምንም ቢል ጌታውን አታሏል፤ አምናለሁ ቢል ቀንበር አለ። ዝንጀሮዎቹ መልሱን አልጠበቁም።

«ዳለቻ እስከዚያው ይቆይ» አለ አንበሳ። «የተነፋ ሥጋ አልወድም።»

ጅብ ከኋላው ዝቅ ያለ ስለሆነ በሄደ ቁጥር ቀንበሩ ይንጋደዳል። ቦራ አልቸኮለም፣ አልዘገየም፤ እንደ ወትሮው ሄደ። ዝንጀሮዎቹ ሁሉ ይህን ለማየት ትልሙ ዳር ተሰብስበው ስለነበር ዳለቻን የሚጠብቀው አልነበረም፤ ግራሩ ሥር ተኝቶ እስኪበቃው አመሰኳ።

«ቦራ፣ እኩለ ቀን አልደረሰም?» አለ ጅብ ምላሱን አውጥቶ።

«እኩለ ቀን ላይ ምን አለ? ማረፍ እንደሆነ ትተናል።»

ያን ቀን የታረሰው መሬት ለዶሮ ጎጆ አይበቃም። አንበሳ ተቆጣና የጅብን ምርታማነት እንድታጠና ቀበሮን ሾመ። ቀበሮ መጥታ ቀንበሩን አየች። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ አንገቷን አዩ። ጥናቱ ያኔውኑ ተጠናቀቀ።

«የእኩለ ቀን ዕረፍት፣ ማመስኳትን ጨምሮ፣ ምርታማነትን ያሳድጋል» ብላ አቀረበች። «በሬ ከበሬ ጋር ብቻ ይጠመድ። አማካሪ ግን በምንም ምክንያት ሊጠመድ አይገባውም።»

«እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነው!» አለ ጅብ ከቀንበሩ ሥር።

አንበሳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምክሮች ተቀበለ። ሦስተኛው ገና ይጠናል አለ። ከዚያም፣ ባለቤት ከሆነ ወዲህ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ ወደ አራሹ ዞረ።

«ዳለቻ፣ አንተስ ስለ ጥናቱ ምን ትላለህ?»

ዳለቻ አፉ ሙሉ ነበር። ቀና ብሎ አንበሳን አየውና ማኘኩን ቀጠለ። ጉባኤው በሙሉ፣ አንበሳም ጭምር፣ መንጋጋው እስኪቆም ቆሞ ጠበቀ።