የጠባቡ በር ዋጋ

ተረት ተረት ስላችሁ «እሺ» በሉ። እሺ ያላለ ልጅ ጆሮውን እንቅልፍ ይሰርቀዋል።

እሺ አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ ሦስት መንገድ በሚገናኝበት ቦታ፣ ነጋድራስ ድንበሩ የሚባል ነጋዴ ነበር። በዚያ አገር ከሱ መደብር በቀር ሌላ መደብር አልነበረም። ጥጥ ያለው እሱ ጋ ነው። በርበሬ ያለው እሱ ጋ ነው። ማረሻ ያለው እሱ ጋ ነው። አገሬው ወደደም ጠላም እሱው ጋ ይሄዳል።

መደብሩ ሁለት በር ነበረው። መግቢያው ሰፊ ነው፤ የተጫነ በቅሎ ያስገባል። መውጫው ጠባብ ነው፤ ሰው አንድ በአንድ፣ ያውም ትከሻውን አዘንብሎ ነው የሚወጣበት።

ነጋድራስ ድንበሩ ጠዋት ጠዋት በሰፊው በር ይቆማል። «ግቡ ወገኖቼ! ጥጥ ርካሽ ነው! በርበሬ ርካሽ ነው!» ይላል። ድምፁ ማር ነው። ሰው ዋጋውን ሰምቶ፣ ደስ ብሎት ይገባል። የሚፈልገውን ያነሳል። ነጋድራስ ታዲያ በውስጥ ዞሮ ጠባቡ በር ላይ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። ክፍያ የሚቀበለው እዚያ ነው። እዚያ ድምፁ ሬት ነው።

«የበርበሬህን ከፈልክ። ደጄ ባለው ዋርካዬ ሥር ተጠልለህ የለ? የጥላውን ጨምር።»

«የጥጥሽን ከፈልሽ። ሚዛኔን አድክመሽ የለ? የሚዛኑን ጨምሪ።»

«ጥላም አልተጠለልኩ፣ ሚዛንም አልነካሁ» ያለውን ደግሞ «ታዲያ በየት ልትወጣ ነው? የበሩን ጨምር!» ይለዋል።

ሰውም ይጨምራል። ለምን ይጨምራል? ከኋላው ሰልፍ አለ። «ኧረ ክፈልና ልቀቀን!» ይላል አንዱ። «አህያዬ ጭነት ላይ ናት!» ይላል ሌላው። መሃል የቆመውን ሰው ላብ ያጠምቀዋል። በዚያ ዘመን ገንዘቡ አሞሌ ነበር። «ለአንዲት አሞሌ ተሟገተ ከምባል» ይልና ይከፍላል።

ደፍሮ እንቢ ያለ ከተገኘ ነጋድራስ ብድግ ይላል። የነጠላውን ጫፍ ያነሳል። «በንጉሥ አምላክ! ልብሳችን ይቋጠር! ዳኛ ፊት እንሂድ!» ይላል። የአገሩ ሕግ እንዲያ ነበር፤ የተካሰሱ ሰዎች የልብሳቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠርና ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አብረው ይሄዳሉ። ዳኛው ያለው ደግሞ ከወንዝ ማዶ ነው። ማን እርሻውን ጥሎ፣ ማን ልጁን ጥሎ ይሂድ? እንቢ ያለውም ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይከፍላል። ነጋድራስ ድንበሩ በነጠላው ያስፈራራል እንጂ አንድም ቀን ዳኛ ፊት ሄዶ አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን ስንዱ የምትባል ልጃገረድ ወደዚያ መደብር መጣች። ስንዱ ዓይን አፋር ናት። ስትናገር መሬት መሬት ታያለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ካልቀረቧት አይሰማም። ጎረቤቶቿ «ይቺ ልጅ አፍ የላትም» ይሏታል። አፍ ባይኖራትም ጆሮ ነበራት። ሽማግሌዎች ስለ ሙግት ሲያወሩ ጥጓን ይዛ ታዳምጥ ነበር።

የአባቷ የአቶ ጓሉ ማረሻ ድንጋይ መትቶት ተሰብሯል። ደመናው ከብዷል። መሬቱ በዚያ ሰሞን ካልታረሰ ዓመቱ የረሃብ ዓመት ነው። በቤቱ የነበረው ሁለት አሞሌ ብቻ ነው፤ እሱም ዶሮዎቹ ተሸጠው የተገኘ ነው። አባቷ ሲሸኛት «ልጄ፣ ማረሻ ይዘሽ ካልመጣሽ ዘሩን እንበላዋለን። ዘሩን ከበላን ደግሞ...» አለና ሳይጨርሰው ቀረ።

ስንዱ ሰፊው በር ላይ ቆመች። «ጌታዬ፣ ማረሻ ስንት ነው?» አለች።

«ላንቺ ሁለት አሞሌ ነው፣ የኔ ልጅ! ግቢ፣ ግቢ!»

ገባች። ማረሻውን መረጠች። ሰልፍ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ ሁለቱን አሞሌ ነጋድራስ ፊት አስቀመጠች።

«አንድ ጨምሪ» አላት።

«የምን፣ ጌታዬ?»

«የበሩ።»

«ሁለት ነው ብለውኝ ነበር።»

«እሱ ሲገቡ ነው። ሲወጡ ሦስት ነው።»

ከኋላዋ ሰልፉ ተንጫጫ። «ልጅት፣ ክፈይና እለፊ!» «ዝናቡ መጣብን እኮ!» «አፍ የላት፣ ገንዘብ የላት፣ ምን ልትሠራ መጣች?»

የስንዱ ጆሮዋ ጋለ።  ግን ሦስተኛ አሞሌ የላትም። ማረሻውን ትታ ብትሄድ ቤቷ ይራባል። ብረቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«የለኝም። ቢኖረኝም የበር አልከፍልም» አለች።

ነጋድራስ ብድግ አለ። የነጠላውን ጫፍ አነሳ። «በንጉሥ አምላክ! ልብሳችን ይቋጠር! ዳኛ ፊት እንሂድ!»

አሁን ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። ስንዱ አላለቀሰችም። መሬት መሬት እያየች ጠየቀችው።

«ጌታዬ፣ ቋጠሮውን ማን ይፈታዋል?»

«ዳኛ ነዋ! ከዳኛ በቀር የሚፈታው የለም!» ብሎ ጮኸ።

«ስንቁንስ ማን ይችላል?»

«ከሳሽ ነዋ! ስንቅ የሚቸግረኝ መሰለሽ?»

«ማረሻውንስ እስከዚያ ማን ይይዘዋል?»

ማረሻ ከባድ ብረት ነው። ነጋድራስ ደግሞ ሸክም አያውቅም። «አንቺው ተሸከሚው! እኔ አህያሽ ነኝ?» አለ።

ሰልፈኛው ሳቀ። ስንዱ አልሳቀችም። የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋችለት።

«እንግዲያው ይቋጠር» አለች።

 የነጋድራስ ዓይኑ ቁልጭልጭ አለ። የገበያ ቀን ነው። መደብሩን ለማን ጥሎ ይሄዳል? «እንግዲህ... ለዛሬ እንኳ ልማርሽ» ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ አባ ደምለው የሚባሉ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጡ። በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ።

«ነጋድራስ» አሉ፣ «የተጠራው የንጉሥ ስም ነው። የውሻ ስም አይደለም፣ ጠርተው ሂድ የሚሉት።»

ነጠላውን ከነጠላ አባ ደምለው ራሳቸው ቋጠሩት። መደብሩ ተዘጋ። መንገድ ተጀመረ። አባ ደምለውም ምስክር ነኝ ብለው ከኋላ ተከተሉ።

ገና ከዋርካው ሳይርቁ ነጋድራስ ወደ ስንዱ ጎንበስ አለ። «ስሚ ልጄ፣ ግማሽ አሞሌ ብቻ ስጪኝና ይቅር።»

«ከዳኛ በቀር የሚፈታው የለም ብለዋል፣ ጌታዬ።»

ዳገት ወጡ። ነጋድራስ አለከለከ። እሱ ሲቆም ነጠላው ይወጠራል፤ ነጠላው ሲወጠር ስንዱም ትቆማለች፤ ላቡን ጠርጎ ሲጨርስ ደግሞ ትሄዳለች። «ስሚ እቴ፣ ምንም አትስጪኝ። በቃ፣ ሂጂልኝ!»

«ከዳኛ በቀር የሚፈታው የለም ብለዋል፣ ጌታዬ።»

ወንዙ ጋ ደረሱ። ወንዙ ሞልቷል። ድንጋይ ያንከባልላል። መሻገር የለም። ነጋድራስ ድንበሩ ጫማውን ጭቃ ውጦት ሊያለቅስ ደረሰ። «ስሚ እመቤቴ! ሁለቱንም አሞሌሽን ልመልስልሽ። ማረሻውንም በነጻ ውሰጂው። ምን ትፈልጊያለሽ ከዚህ ሌላ?»

ስንዱ የተሸከመችውን ማረሻ አየች። ለሷ ይበቃት ነበር። አባቷ እየጠበቃት ነው። ግን ሰልፉ ላይ ከፊቷ የነበረችውን አሮጊት አስታወሰች። አሮጊቷ «የሚዛኑን» መክፈል አቅቷት፣ ከገዛችው በርበሬ ግማሹን መልሳ ነው የሄደችው። በሚመጣው ገበያም ያቺው አሮጊት ትመጣለች።

«ከዳኛ በቀር የሚፈታው የለም ብለዋል፣ ጌታዬ» አለች።

እንግዲህ ወንዙ እስኪጎድል የት ይቆያሉ? የስንዱ መንደር ከወንዙ ወዲህ ነው። ወደዚያው ሄዱ። አቶ ጓሉ ከሩቅ ሲያያቸው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ነገሩን አባ ደምለው ሲነግሩት ግን በሳቅ ወደቀ።

«ጉድ በሉ ጎረቤቶች! ማረሻ ግዢ ብዬ ብልካት ሎሌ ጨምራ መጣች!»

ማረሻው ተገጠመ። በሬዎቹ ተጠመዱ። ነጋድራስ ተቆጣ። «ክርክር ያለበት ዕቃ ነው! እንዴት ይታረስበታል?»

ስንዱ መሬት መሬት አየች። «ተሸከሚው አሉኝ እንጂ አትረሱበት አላሉኝም» አለች።

አባቷ ያርሳል፣ ስንዱ ከኋላው ጓል ትከሰክሳለች። ነጋድራስም ከሷ ጋር ተቋጥሯልና አብሮ ይዞራል። ስታጎነብስ ያጎነብሳል። ቀና ስትል ቀና ይላል። ስትዞር ይዞራል። ሲመሽ ቋጠሮው ሳይፈታ አባቷ የስንዱን ነጠላ ለብሶ ከነጋዴው ጋር ያድራል፤ ሲነጋ ያስረክባታል። ስንቁ ደግሞ በከሳሽ ነው። የነጋድራስ አሽከር ከመደብሩ ቅቤ ያመጣል፣ ማር ያመጣል፣ በርበሬ ያመጣል። የጓሉ ቤት እንደዚያ ሰሞን በልቶ አያውቅም።

አገሬው ይህን ሰማ። ሊያይ መጣ። የማሳው ዳር በሰው ተሞላ።

«ነጋድራስ!» አለች አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ፣ «በጓሉ ማሳ ሲያልፉ የማሳውን አይጨምሩም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለሰዉ የገባው። ያ የፈሩት ቋጠሮ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱን ብቻ አያስርም።

ማሳው ታርሶ አለቀ። ወንዙም ጎደለ። ስንዱና ነጋድራስ ሲሻገሩ አገሬው ተከትሎ ተሻገረ።

ዳኛው ሾላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ፂማቸው ነጭ ነው፣ ዓይናቸው ንቁ ነው። «ከሳሽ ተናገር። ምን ትላለህ?» አሉ።

«አንድ አሞሌ አለብኝ... አለባት እላለሁ» አለ ነጋድራስ። ምላሱ ተሳሰረ።

«የምን?»

«የ... የበር።»

«በሩን ሸጥክላት?»

«ኧረ አልሸጥኩም።»

«ነቅላ ወሰደችው?»

«የለም፣ እዚያው መደብሬ ላይ ነው።»

 ዳኛው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ከእናንተስ ውስጥ ይህን በር የገዛ አለ?» ብለው ጠየቁ።

 ሰው ሰውን አየ። ቀስ ብሎ አንድ እጅ ወጣ። «እኔ ገዝቼዋለሁ።» ሌላ እጅ ወጣ። «እኔ በየገበያው ነው የምገዛው።» ያቺ አሮጊትም ተነሳች። «እኔ ደግሞ ሚዛኑን ገዝቻለሁ፣ የኔ ጌታ።» «እኔ የዋርካውን ጥላ!» «እኔም ጥላውን!» እጁን ያላወጣ ሰው ጥቂት ነው።

ዳኛው ወደ ነጋድራስ ዞሩ።

«ምረጥ» አሉት። «ያልሸጥከውን ነገር ዋጋ ተቀብለህ ከሆነ ሌባ ነህ፤ የሌባን ቅጣት ታውቃለህ። ሸጠኸው ከሆነ ደግሞ ለገዙት አስረክብ። ሌባ ነህ ወይስ ሻጭ?»

ነጋድራስ ድንበሩ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ላቡ በጀርባው ወረደ።

«ሻጭ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው አስረክብ» አሉ ዳኛው። ጎንበስ ብለውም ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱት።

ሕዝቡ እየዘፈነ ወደ መደብሩ ሄደ። ሚዛኑን አውርዶ ገበያ መሃል ሰቀለው፤ ማንም የገዛውን ይመዝንበት ጀመር። የዋርካው ጥላ የሁሉ ሆነ፤ ጥጥ ያለው ጥጡን፣ በርበሬ ያለው በርበሬውን እዚያ ዘርግቶ ይሸጥ ጀመር። በሩንም ነቀሉት። ሲነቅሉት ግድግዳው አብሮ ፈረሰ፤ መውጫውም እንደ መግቢያው ሰፊ ሆነ። ነጋድራስ ድንበሩ ከዚያ ወዲያ ሰው ሲገባ የጠራውን ዋጋ፣ ሰው ሲወጣም ያንኑ ይጠራ ነበር። ሌላ ቢጠራ ማን ቆሞ ይሰማዋል? ዋርካው ሥር ሌላ ሻጭ አለ።

የበሩን ሳንቃ ሲከፋፈሉ አባ ደምለው ስንዱን ጠሯት። «ነይ እንጂ ልጄ! ካንቺ በላይ የሚገባው ማን አለ? ድርሻሽን ውሰጂ።»

ስንዱ አንገቷን ደፋች። ድምፅዋ ያው ቀጭን ነው። አሁን ግን ሰው ሁሉ ሊሰማት ጸጥ አለ።

«እኔ በር አልገዛሁም፣ አባባ» አለች። «እኔ የገዛሁት ማረሻ ነው። እሱ ደግሞ ማሳችን ላይ ነው።»

ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። በዚያ ዓመት የጓሉ ጎተራ ሞላ።

ለዚህ ነው አባቶች «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚሉት።

ተረቷ ለናንተ፣ ጤናው ለሁላችን።