የአቶ መክብብ የስም ደንብ

የሶፍትዌር ክፍሉ ኃላፊ አቶ መክብብ አንድ ደንብ አወጡ። በፕሮግራሙ ውስጥ እሳቸው የሠሩት ነገር ሁሉ ስሙ በካፒታል፣ ሠራተኛ የሠራው ግን በስሞል ፊደል ይጻፍ አሉ። አንዲት ምላሰኛ ፕሮግራመር «ለኮምፒውተሩ እኮ ካፒታልና ስሞል ሁለት የተለያየ ስም ነው» ብትላቸው፣ «ለእኔም እንደዚያው ነው!» አሏት።

እንግዶች ሊጎበኙ አንድ ቀን ሲቀር፣ እሷ የጻፈችው የፕሮግራሙ ክፍል አንጀት የሚያርስ ሆኖ አገኙትና ስሙን በገዛ እጃቸው ወደ ካፒታል ለወጡት። በማግስቱ ኮምፒውተሩ የለመደውን ስም ቢፈልግ አጣና በእንግዶቹ ፊት ቀጥ አለ።

«ይሄ ጥፋት የማን ነው? አሁኑኑ ተናገሪ!» ብለው አፈጠጡባት።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ፣ ደንብዎ ይናገር» አለች። «ሲሠራ የነበረው በስሞል ነው፤ የቆመው በካፒታል ነው።»