ቀበሮና የሳር ማጨጃዋ ፍሬን

አንድ ጊዜ አንበሳ ለሰፊው መስኩ አህያን ሳር አጫጅ፣ ቀበሮን መካኒክ አድርጎ ቀጠራቸው። አህያ እንደ ትንሽ ትራክተር ተቀምጠው በሚነዷት የሳር ማጨጃ መኪና ሲያጭድ ይውላል፤ ስትበላሽ ቀበሮ ትጠግናለች።

አንድ ጠዋት አህያ መኪናዋን ወደ ጋራዡ አመጣት።

«እመት ቀበሮ፣ ፍሬኑን ስረግጠው እስከ ታች ይወርዳል፤ መኪናዋ ግን አትቆምም።»

ቀበሮ የፍሬን ሥራ አታውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን ሞት መሰላት። መፍቻ አነሳችና አንዲት ዳዶ አጥብቃ «ይኸው፣ አለቀ!» አለች።

«ጎማውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬኑ ሸራ አልቆ እንዳይሆን? የድሮው መካኒክ ጎማውን ፈትቶ ያይ ነበር።»

«ለመሆኑ መካኒኩ ማነው? አንተ ነህ እኔ?»

አህያ አፍሮ መኪናዋን አስነስቶ ሄደ።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ አልቆመችም። ከታች ጃርት ከጉድጓዷ ደጃፍ ልጆቿን ፀሐይ ታሞቃለች። አህያ መሪውን በኃይል ጠምዝዞ ከግራር ጋር ተላተመ። ልጆቹ ተረፉ፤ የእሱ እግር ግን ክፉኛ ቆሰለ።

አንበሳ እያገሳ ደረሰ። «ጥፋተኛው ማነው?»

ግጭቱን ሰምታ የመጣችው ቀበሮ ቀደመች። «ጌታዬ፣ እኔ ፍሬኑን አስተካክያለሁ። አህያ ዘግይቶ ረግጦት ይሆናል።»

አህያ አንገቱን ደፋ። «ይሆናል ጌታዬ፤ ይቅርታ።»

የቀበሮ ፊት ጋለ። ክርክር ስትጠብቅ ይቅርታ መጣ። አጠገቧ ጃርት ልጆቿን ትቆጥራለች፤ ጨርሳ ደግማ ትቆጥራለች።

«ዋሽቻለሁ» አለች ቀበሮ መሬት መሬቱን እያየች። «ሸራውን አላየሁትም። የፍሬን ሥራ አላውቅም። አህያ እዪው ሲለኝ አሳፈርኩት።»

አንበሳ የአህያን ቁስል አየ፤ ቀበሮንም አየ። ቢሰድባት በተሻላት። «እንግዲያው የድሮው መካኒክ ሲሠራ ካየው ከአህያ ተማሪ» ብሏት ሄደ።

አህያ እግሩን ዘርግቶ እየነገራት ቀበሮ ጎማውን ፈታች። ሸራው እንደ ቅጠል ሳስቷል። አዲስ ገጠመች፤ ጎማው እንደ ልቡ እንዲዞር፣ ፍሬኑ ሲረገጥ ግን ቀጥ እንዲል ዳዶዋን ጥቂት በጥቂት አጠበቀች። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሞከረችው።

«ቁልቁለቱንስ?» አለ አህያ።

«እኔው እነዳታለሁ» አለች፣ ቀና ብላ እሱን ማየት እየከበዳት።

መኪናዋ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ቀጥ አለች። ጃርት ግን የዚያን ቀን ልጆቿን ወደ ደጅ አላወጣችም፤ ቀበሮም አልተቀየመቻትም።

ከዚህ የምንማረው «አላውቅም» ብሎ ለአፍታ ማፈር፣ ሳያውቁ አውቃለሁ ብለው ሌላውን ከጎዱ በኋላ ከሚመጣው ሀፍረት እጅግ እንደሚቀል ነው።