የጽዋው ተረካቢ

በአንድ ወቅት፣ የማኅበር ጽዋ እንደ ቤተዘመድ ከደጅ ወደ ደጅ በሚዞርበት በዚያ ደግ ዘመን፣ ሾላ በር በምትባል አገር ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። ሦስት ልጆች ነበሯት፤ ቅኔ ቤት የዋለው ልሳነወርቅ፣ ብልኋ እናትነሽ፣ ከእናቱ ቤት የማይርቀው ደምስ።

ያን ዘመን ሳስበው ሆዴ ይባባል። በየወሩ፣ በሚካኤል ቀን፣ ማኅበርተኛው ተረኛው ቤት ይሰበሰባል። ድፎ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው የሸክላ ጽዋ መሃል ይቀመጣል። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይቀምሰውም። እንግዳ ከመጣ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ለእሱ ይሰጣል፤ የእግዚአብሔር እንግዳ ነዋ! ሲመሻሽ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ፣ በእልልታ ታጅቦ ቤቱ ይገባል። ጽዋው ሀብታም ቤትም ያድራል፣ ደሳሳ ጎጆም ያድራል። ሰው የጎረቤቱን ጓዳ የሚያውቀው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተኳረፈ የሚታረቀው በእሱ ሰበብ ነበር።

ታዲያ በትርንጎ ተራ ቀን አንድ ባሕታዊ መጣ። ቢጫ ለብሷል፣ ወገቡን በሰንሰለት ታጥቋል፣ አንደበቱ ማር ነው። ስሙን ሲጠይቁት «አባ ዘብርሃን በሉኝ» አለ። ትርንጎ እግሩን አጥባ ከላይ አስቀመጠችው፤ እንደ ደንቡም ጽዋውን አስቀድማ ለእሱ ሰጠችው። እሱ ግን ቀምሶ አልመለሰም። ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘና፣

«ይህ ጽዋ ከቤት ቤት እየዞረ ረክሷል። እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ እጸልይበታለሁ» አለ።

የሾላ በር ሰው እዚህ ላይ ተሳሳተ። ለእንግዳ የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው ብሎ ሁሉም አንገቱን ደፋ። የመንደሩ ንስሐ አባት ቄስ አድማሴ እንኳ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ዝም አሉ። ይሉኝታ ስንቱን ቤት አፈረሰ! ሰውዬው ቤት የለው፣ ተራ የለው፣ ተረካቢ የለው፤ ጽዋው ከእሱ ጋር ከመንደሩ በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጥቶ በዚያው ቀረ።

ሐሰት መናገር አልወድም፤ ባሕታዊው መጀመሪያ ላይ ደግ ነገርም ሠርቷል። ይጾማል፣ በሽተኛ ይጠይቃል፣ ሰካራሙን ሁሉ ከመጠጥ አላቅቆ ነበር። ሰው ወደደው። ከወደደው በኋላ ግን ነገሩ እንደ ጉም ቀስ እያለ ወረደ። «ለቄሳችሁ መናዘዝ ይቅር፣ ለእኔ ተናዘዙ» አለ። ቀጥሎ «የነገራችሁኝን እርስ በርስ እንዳታወሩ፣ ትቀሠፋላችሁ» አለ። ቀጥሎ «ኮረብታዬን ካልወጣ ዘመድ ጋር ማዕድ አትቁረሱ» አለ። በጉባኤ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ እየተንቀጠቀጠ፣ «እንዲህ ያደረገ ሰው በመካከላችሁ አለ፣ መልአኩ አሳየኝ» ይላል። ሰዉ ምሥጢሩ ሲነገር እየሰማ ይርዳል። ራሱ ለባሕታዊው መናገሩ ትዝ አይለውም።

ጽዋውን በእጇ የሰጠችው ትርንጎ ከሁሉ ይልቅ አመነችው። ማታ ማታ ቤቷ ብትመለስም፣ ከልጆቿ ጋር እህል መቅመስ ተወች። ልጆቿም እያንዳንዳቸው እናታቸውን ለመመለስ ተነሡ።

ልሳነወርቅ ከቅኔ ቤት እንደ መጣ ነገሩን ሰማ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባሕታዊው በቅጽሩ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ ሲያስተምር፣ መሃል ገብቶ ቆመ።

«አባ፣ ከየትኛው ገዳም መጡ? አበምኔትዎ ማን ይባላሉ?»

«እኔን የላከኝ ሰው አይደለም።»

«ንስሐ አባትዎስ?»

«እኔ ለሰው አልናዘዝም።»

«ጳውሎስ እንኳ ብርሃን ከሰማይ ከወረደለት በኋላ ከሐናንያ እጅ ጥምቀት ተቀብሏል። እርስዎ ከጳውሎስ ይበልጣሉ? እውነተኛ አባት ልጆቹን ወደ ቤታቸው ይመልሳል፤ እርስዎ ግን ከቤታቸው ያስወጣሉ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ልሳነወርቅ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ደሙ ፈልቶ ነበርና እጁን ወደ እናቱ ዘረጋ። «እናቴን እዩአት! ከወለደቻቸው ልጆች ጋር እህል የማትቀምስ ተላላ አድርጓታል!»

በዚያ ቀን የመንደሩ እኩሌታ ከባሕታዊው ተለይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስንት ትዳር ዳነ፣ ስንት ልጅ ከእናቱ ጋር ራት በላ። ትርንጎ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «በአደባባይ ያዋረደኝ ልጄ አይደለም» ብላ ኮረብታው ላይ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ማታም ቤቷ አልተመለሰችም።

እናትነሽ ወንድሟን ታዝባ ሌላ መንገድ ያዘች። ቢጫ ለብሳ ኮረብታውን ወጣች፣ ለባሕታዊው እግር ወደቀች፣ ከእናቷ አጠገብ መኖር ጀመረች። አንድ ቀን ልትናዘዝ ገብታ ያልሠራችውን ኃጢአት ነገረችው።

«በአባቴ ተዝካር ቀን የድሆችን ድርሻ ደብቄ አስቀርቻለሁ።»

ለማንም ሌላ አልተነፈሰችም። በጉባኤው ቀን ባሕታዊው ዓይኑን ጨፈነ፣ ተንቀጠቀጠ፣ «በአባቷ ተዝካር የድሆችን ድርሻ የደበቀች ሴት አለች! መልአኩ አሳየኝ!» ብሎ ጮኸና ጣቱን እናትነሽ ላይ ቀሰረ።

ትርንጎ ክው አለች። በዚያ የተዝካር ቀን እናትና ልጅ አብረው ሲያስተናግዱ ውለው፣ የራሳቸውን ራት እንኳ ለመጨረሻው ችግረኛ ሰጥተው ጦማቸውን አድረዋል። «መልአክ ያልሆነ ነገር ያያል እንዴ?» አለች በልቧ። ያ ጥያቄ ከልቧ አልወጣም።

እናትነሽ ግን ኮረብታውን ስትወጣ ብቻዋን አልወጣችም። ጎረቤቷ ጥሩወርቅ፣ የአያ ባየ ሚስት፣ ባሕታዊውን ልታየው ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ስታመነታ ከርማ «ብልኋ እናትነሽ ከሄደችማ እውነት ቢሆን ነው» ብላ ልጆቿን ጥላ ተከተለች። እናትነሽ ሥራዋ እንዳይነቃባት ፈርታ «ተመለሺ» አላለቻትም።

ደምስ ከማንም አልተከራከረም፣ የትም አልሄደም። ማኅበሩ ተበትኖ ጽዋ በሌለበት እንኳ በየወሩ በሚካኤል ቀን ሚስቱ ድፎ ትደፋለች፣ እሱ የእናቱን መደብ ያነጥፋል፣ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ድርሻዋን እናቱ በፈተለችው ጨርቅ ጠቅልሎ ኮረብታው ሥር፣ ምንጩ አጠገብ ካለው ጥድ ላይ ይሰቅልላታል። ሰው ሲስቅበት «የምትመለስበት ቤት ይኑራት ብዬ ነው» ይል ነበር። ትርንጎ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ታየዋለች፤ አውርዳ ለወፍ ትበትነዋለች።

ታዲያ አያ ባየ፣ ሚስቱ ሳትሄድ በፊት፣ ወደ ደምስ መጥቶ ነበር።

«ደምስ፣ ምን ትመክረኛለህ? ልከልክላት?»

«እኔ በሰው ትዳር ገብቼ ከማንም አልጣላም፣ አያ ባየ።»

ባየ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ከጉባኤው በኋላ በነበረው የሚካኤል ቀን ትርንጎ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ጥዱ ላይ ዳቦው ተሰቅሏል። እንደ ልማዷ ልትበትነው ፈታችውና እጇ እንቢ አላት። ቆርሳ ቀመሰች፤ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ኮረብታውን ወጣች፣ ባሕታዊው ለጸሎት ዞር ባለበት ጽዋውን ከተቀመጠበት አንሥታ በነጠላዋ ሸፈነችው፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ መንደሯ ወረደች። ስትደርስ በሩ ተከፍቷል። መደቧም ተነጥፏል።

ባሕታዊው ጽዋው መወሰዱን ሲያውቅ «ሾላ በር ተረግማለች» ብሎ የቀሩትን ተከታዮቹን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ። ጥሩወርቅም አብራ ሄደች። ባየ ከልጆቹ ጋር ቀረ።

በሚቀጥለው የሚካኤል ቀን ማኅበሩ ትርንጎ ቤት ተሰበሰበ። እልልታው ቀለጠ፤ ያ የናፈቀው የጌሾ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሲመሻሽ ቄስ አድማሴ ተነሡ።

«ያን ዕለት መናገር ሲገባኝ ዝም ብያለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ትርንጎ፣ ተራው የተበጠሰው በአንቺ እጅ ነው፤ በአንቺው እጅ ይቀጠል። ጽዋውን ለመለሰልን ሰው አስረክቢ።»

ትርንጎ ጽዋውን ይዛ ቆመች። «እኔ ነኝ እንዳልል፣ እኔን ራሴን የመለሱኝ እነሱ ናቸው» ብላ ወደ ልጆቿ አየች።

ልሳነወርቅ «እማዬ፣ እኔ አደባባይ ባልቆም ኖሮ ዛሬ እዚህ የሚሰበሰብ ማኅበር ባልኖረ» አለ።

እናትነሽ «እኔ ባልወጣ ኖሮ ሐሰቱን በጆሮሽ ባልሰማሽ» አለች።

ደምስ ዳቦውን እየቆረሰ ነበር። «እኔስ ምን አደረግሁ? በር ነው የከፈትሁት» አለ።

ይሄኔ አያ ባየ ከደጅ ድምፁን አሰማ። እንዲገባ ቢለምኑት መቃኑን አልፎ አልገባም።

«ሳይታረቁ አይቀመስም አይደል ደንባችን? እናትነሽ ሚስቴን መርታ ወሰደችብኝ። ደምስ ስጠይቀው አፉን ያዘ። እኔ ከሁለቱም አልታረቅሁም፣ እትዬ ትርንጎ።»

ትርንጎ ልሳነወርቅን አየችው። እሱም እናቱን በአደባባይ ተላላ ካላት ቀን ጀምሮ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

በልጅነታችን ተረቱ እዚህ ሲደርስ ተራኪው አጎቴ ዝም ይል ነበር። ያን ጊዜ ጉዱ ይፈላል። አያቴ «እውነት የተናገረ ይረከብ! እውነት ሁልጊዜ ሰው ያስቀይማል» ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ ይመታሉ። አክስቴ «ነፍሷን ለእናቷ ያስያዘች እናትነሽ ናት» ትላለች። አባቴ የደምስ ወገን ነው፤ «ሁለቱ ጮኹ፣ አንዱ ቤት ጠበቀ» ይላል። ከብት እስኪገባ ይሟገታሉ፤ ተኳርፈው የተለያዩበት ቀንም አለ። ዛሬ ቤቱም ሰዎቹም የሉም፤ ያን ጭቅጭቅ እንዴት እንደምናፍቀው! እናቴ ብቻ አንድም ቀን አልፈረደችም። ሁልጊዜ የምትጠይቀው «ባየን ማን አስገባው?» ብላ ነበር።

እኔም የሰማሁትን ነገርኳችሁ። ትርንጎ ጽዋውን እንደያዘች እስካሁን ቆማለች፤ እጇ ዝሏል፤ ባየም መቃኑን ተደግፎ ይጠብቃል። እስቲ ፍረዱ፤ ጽዋውን ማን ይረከብ?