ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠው ማር

አንድ ሰው ማሩ ረጋበት። ደገኛ ንብ አናቢ ነው፤ በዚያ ብርድ ማር ቢረጋ ምን ይገርማል? በቆርቆሮ ሞልቶ፣ ተሸክሞ፣ የከተማዋ ማር ነጋዴ ወይዘሮ በለጥሻቸው ሱቅ አደረሰው። ማንኪያ ሰደዱበት። ማንኪያው ተጣመመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማር ነው ወይስ ስኳር አፍልተህ ነው ያመጣህልኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ ንጹሕ ማር ነው። ብርዱ ነው ያረጋው።»

«ብርዱ! የእኔን ማር ትቶ ያንተን ብቻ ለይቶ አገኘው?»

ገበያተኛው ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ የሰውዬው ስም «ስኳሩ» ሆነ። «ስኳሩ፣ ሻይ ልናፈላ ነው፣ ብቅ በል!» ይሉታል። ሚስቱ ትርንጎ ለማኅበር የጠመቀችውን ጠላ እንኳ «ይሄስ ምን ተደባልቆበት ይሆን?» እያሉ ያሸቱት ጀመር። ቀጣፊ ስሙ ቢጠፋ የእጁን አገኘ እንላለን። እውነተኛው ሰው ስሙ ሲጠፋስ ማን ይቆምለታል? ማንም!

ሰውዬው ቸኮለ። ከማሩ ከፍሎ እሳት ላይ ጣደው። ሥሩ አረረ፤ ላዩ ድንጋይ እንደ ሆነ ቀረ። ያረረ ማር አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? የሰው ልፋት ነው የሚሸተው።

ታዲያ ምን አደረገ? ከቁራሌው ዘንድ የሞተ ፍሪጅ አስጎትቶ መጣ!

ጎረቤቱ ማንደፍሮ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ በሳቅ ፈረሰ። «ትርንጎ! ባልሽን ያዢው! ብርድ ያረጋውን ማር ፍሪጅ ሊከተው ነው!»

ሰውዬው ግን ብርድ የያዘ ግድግዳ ሙቀትም ይይዛል ብሎ አስቧል። ከፍሪጁ ወለል ላይ አምፖል ተከለ። መጀመሪያ አዲሱን ቆጣቢ አምፖል ነበር የሰካው። ቦግ ብሎ በራ፤ ማሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ስንቱ አለ በመካከላችን፣ የሚያበራ፣ የማያሞቅ! እሱን ነቀለና የድሮውን፣ የሚያቃጥለውን አምፖል አስገባ። ቆርቆሮው እንዳይነካው በላዩ የእንጨት ርብራብ ሠራ። በሩን ገጠመ። እጁን እየከተተ ለካው፤ ሙቀቱ ዕንቁላል የታቀፈች ዶሮ ሆድ ሥር ያለውን ሲመስል፣ እሰይ አለ።

«አሁንስ?» ትላለች ትርንጎ።

«ተይው፣ አትነካኪው።»

መሸ፣ ነጋ፤ ደግሞ መሸ፣ ነጋ። በሩን ሲከፍተው ማሩ ቀልጧል! በማንኪያ ሲያነሳው እንደ ክር ወረደ፤ የአደይ አበባ ሽታ ቤቱን ሞላው። ትርንጎ እልልታዋን አቀለጠችው! ስኳሩስ የት ሄደ? ኧረ የት ሄደ? ያልነበረ ነገር የት ይሄዳል!

ሐምሌ ገባ። ብርዱ ጠናና የወይዘሮ በለጥሻቸው ማር መደርደሪያው ላይ ረጋ። ያው ገበያተኛ፣ «እትዬ፣ እርስዎም ስኳር ጀመሩ?» አላቸው። የፍሪጁን ወሬ ሰምተው ኖሮ፣ ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ገንቧቸውን አቅፈው የዚያን ሰው በር አንኳኩ።

«እንዳትከፍት!» አለ ማንደፍሮ ከአጥሩ። «የእጃቸውን መስጠት አሁን ነው!»

ሰውዬው በሩ ላይ ቆመ። የረሳው መሰላችሁ? አልረሳም። እንዲህ ያለው ነገር አይረሳም። ግን ማራቸውን አየው፤ ንጹሕ ማር ነው። ይህን የሚመሰክርላቸው ሰው በከተማው ከእርሱ በቀር አልነበረም።

«ይግቡ እትዬ» አለ፤ የፍሪጁንም በር ከፈተላቸው።

በገበያ ቀን ወይዘሮ በለጥሻቸው ሱቃቸው ደጅ ወጥተው ጮክ ብለው ተጣሩ፦ «አቶ ተድላ! አቶ ተድላ፣ ማርዎን ያምጡልኝ!» ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ገበያው ግን ሰማ። «ስኳሩ» የሚለው ስም በዚያች ቀን ሞተ፤ አልቃሽም አላገኘ!

ምእመናን፣ በየቤታችሁ የረጋ ሰው የለም? ያኮረፈ ወንድም፣ ከማኅበር የቀረች እኅት? «ድሮም አስመሳይ ነበረች» አላችኋት። ማን ነገራችሁ? በርዷት ነው! እሳት ላይ አትጣዷት፤ ታሳርሯታላችሁ። አስጠጓት። አሙቋት። ጠብቋት።

እናንተም ስማችሁ በከንቱ የጠፋ፣ በአደባባይ የተሳቀባችሁ፣ ስሙኝ። እግዚአብሔር ውስጣችሁን ያውቀዋል። የሳቀባችሁ ሰው የረጋ ልቡን አቅፎ በራችሁን የሚያንኳኳበት ቀን ይመጣል። ይቅርታ ላይላችሁ ይችላል። ማሸነፋችሁ ያን ጊዜ በምን ይታወቅ? በሩን ክፈቱለት!