ብልቃጡ ያልተከፈተላት ንጋቷ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ ግን ቶሎ በሉ፣ በረዶው እየቀለጠ ነው።

ንጋቷ የምትባል የአንደኛ ክፍል ልጅ ነበረች። አብራት የምትቀመጠው ልጅ በኩፍኝ ታማ ተኝታለች። ንጋቷ ደግሞ ቤቷ ውስጥ ለክትባት ገና ያልደረሰ ጨቅላ ወንድም አላት። «እኔን ከያዘኝ በሱም ይጋባበታል» ብላ ፈራች። የምትፈልገው አንዲት መርፌ ብቻ ነበር።

ነርሷ ሲስተር ሮማን ክትባቱ የሚቀዘቅዝበትን የበረዶ ሳጥኗን ይዛ ከትምህርት ቤቱ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች።

«ሲስተር፣ ይውጉኝ።»

«የኔ ልጅ፣ የክትባቱ ብልቃጥ የብዙ ልጆች ነው። አንዴ ከተከፈተ አያድርም፤ ላንቺ ብቻ ብከፍተው የቀረው ይደፋል። በይ በረዶው ቀልጦ ክትባቱ ሳይበላሽ ጓደኞችሽን ጥሪ።»

ጓደኞቿ አጥር ጥግ ተኮልኩለው «ሸጋው ካልተወጋ አንወጋም» አሉ። ሸጋው የክፍሉ ጉልቤ ነዋ! ሸጋው ካልተወጋ ልጆቹ አይመጡም፤ ልጆቹ ካልመጡ ብልቃጡ አይከፈትም፤ በረዶው ግን ይቀልጣል።

ወደ ሸጋው ሮጠች። ጉልቤው እጁን ከኋላው ደብቆ «እናቴ እሺ ካላለች አልወጋም» አላት። እናት ካላለች ሸጋው አይወጋም፤ ሸጋው ካልተወጋ ልጆቹ አይመጡም፤ ልጆቹ ካልመጡ ብልቃጡ አይከፈትም፤ በረዶው ግን ይቀልጣል።

ወደ እናቱ ወደ እትዬ ፋጤ ሮጠች። «እኔማ ደስ ባለኝ! ግን አባቱ ሳይፈቅድ እንዴት ብዬ?» አባት ካልፈቀደ እናት እሺ አትልም፤ እናት ካላለች ሸጋው አይወጋም፤ ሸጋው ካልተወጋ ልጆቹ አይመጡም፤ ልጆቹ ካልመጡ ብልቃጡ አይከፈትም፤ በረዶው ግን ይቀልጣል።

ወደ አባቱ ወደ ጋሼ ሰይድ ሮጠች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አባባ ይመር ሳይናገሩ እኔ ማን ነኝና? የመንደሩ ትልቅ ሳይቀድም አይኬድም።»

«ታዲያ ይጠይቋቸዋ!»

ጋሼ ሰይድ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሳቸው ፊት የኩፍኝ ስም አይነሣም። ልጆቻቸውን የቀበሩት በሱ ነው። እንዴት ብዬ ቁስላቸውን ልነካ?»

አያችሁልኝ? መንደሩ ሁሉ ለአዛውንቱ አዝኖ ዝም ይላል፤ መንደሩ ሁሉ የአዛውንቱን አፍ ይጠብቃል። አባባ ይመር ካልተናገሩ አባት አይፈቅድም፤ አባት ካልፈቀደ እናት እሺ አትልም፤ እናት ካላለች ሸጋው አይወጋም፤ ሸጋው ካልተወጋ ልጆቹ አይመጡም፤ ልጆቹ ካልመጡ ብልቃጡ አይከፈትም፤ በረዶው፣ ኧረ በረዶው!

አባባ ይመር ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ንጋቷ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አባባ፣ ኩፍኝ ገብቷል። ወንድሜን እንዳይገድልብኝ ፈራሁ።»

አንገታቸውን ደፉ። «አበላሸሁ» ብላ ልታለቅስ ስትል፣

«ክትባቱ መጥቷል?» አሉ።

«መጥቷል። እርስዎ ካልተናገሩ ግን ማንም አይወጋም።»

«እኔ መቼ እንቢ አልኩ? ማንስ ጠየቀኝ!» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

አባባ ይመር ተናገሩ፤ አባት ፈቀደ፤ እናት እሺ አለች፤ ሸጋው ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋ፤ ልጆቹ ተጋፍተው መጡ፤ ብልቃጡ ተከፈተ። ከበረዶውም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ስባሪ ቀርቶ ነበር።

ንጋቷ ስትወጋ አባባ ይመር አጠገቧ ቆሙ።

«አመመሽ?»

«ትንሽ።»

«ይህችን ታህል ብቻ?» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ተዉትና እጅጌያችሁን ሰብስቡ።