ሰሙን የበላው ማነው?

ግባ፣ ግባ! በሩ ላይ አትገተር። ተረቱ ውስጥ ቢሻው የሚባለውን ሰው በሰንሰለት ሲያስሩት ነው የደረስከው። እናንተ ጠጋ በሉለት፤ ለአዲሱ ሰው ከሥሩ ልንገረው። የጆሮአችሁን በረት ክፈቱ፣ ተረቴን ላስገባ።

ድሮ ነው። ባላምባራስ ጉልላት የሚባል ሹም ነበር። መጀመሪያ ሆዱ ይገባል፣ እሱ ቆይቶ ይደርሳል። የአገሩን የማር ሰፈፍ ሁሉ ሰብስቦ ሰም ያስነጥራል። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ሰም አንጣሪዋ ትርንጎ ናት፤ የቢሻው ሚስት። ረቡዕ ጠዋት ሰሙን አቅልጣ፣ አጥልላ፣ ጋን ሞላችበት። እስከ አፉ፣ ጢም! ባላምባራስ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ሙሉ ነው! ዓይኔ ሚዛኔ ነው» አለ።

የድንጋይ መክደኛ አስከደነበት። ቢሻውን ዘብ አቆመና ምሳውን ሊበላ ሄደ። አዎ፣ በረቡዕ! እሱን ጾም አይዘውም።

ወደ ማታ መጥቶ ከፈተው። ሰሙ ረግቷል። መሃሉ እንደ ተራበ በሬ ሽንጥ ጎድጉዷል።

«ማነው የበላው?»

«ጌታዬ፣ ሰም ይበላል እንዴ?» አለ ቢሻው።

«ጠባቂው አንተ፣ ሌባውም አንተ!»

ወዲያው ቢሻውን በሰንሰለት አሳስሮ አደባባይ ወጥቶ ማለ። «ጋኑ ጎድሎ ከተገኘ ሌባው ጠባቂው ነው! ቅዳሜ እጁ ይቆረጣል! ይህን ሕግ ባፈርስ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

ትርንጎ እየሮጠች መጣች።

«ጌታዬ፣ ባሌ አልሰረቀም። ሰም ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ሚዛን ላይ ያውጡት፤ ያው ነው።»

«ዓይኔ ሚዛኔ ነው አልኩ እኮ!»

ቁራሽ ሰም አነሳች። ድስት ውስጥ የቀለጠ ሰም ነበር፤ እዚያ ጣለችው። ቁራሹ ቁልቁል ወርዶ የድስቱ ቂጥ ላይ ተቀመጠ።

«አዩት? የበረደው በትንሽ ቦታ ታጭቋል። ስለዚህ ከቀለጠው ይከብዳል፣ ይሰምጣል።»

ባላምባራስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሞኝሽን ፈልጊ! በረዶ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አላየሁም? የበረደ ነገር ቀላል ነው። አንቺ ቁራሹ ውስጥ ጠጠር ቀብረሻል!»

«ውሃ የራሱ ጠባይ አለው ጌታዬ፣ ሰምም የራሱ።»

«ምላስሽም የራሱ ጠባይ አለው። ውጪ!»

ሐሙስ ሆነ። ትርንጎ ያንኑ ሰም መልሳ አቀለጠችው። ጠብታ አልጨመረችም። ጋኑ እስከ አፉ፣ ጢም! ሌላ ሰው ቢሆን ይነቃ ነበር። ባላምባራስ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አያችሁ? ሌባው ፈርቶ መለሰው!»

የሚስቱን ወንድም አሰጌን ዘብ አቆመ። «ዘመዴ ነው፣ አይከዳኝም» አለ። ወደ ማታ ከፈተው። መሃሉ ጎድጉዷል። አሰጌም ቢሻው አጠገብ በሰንሰለት ታሰረ።

ዓርብ ሆነ። ሰሙ ቀለጠ፣ ጋኑ ሞላ፣ ጢም! ጠባቂ ግን ጠፋ። ግማሹ ታመምኩ አለ፣ ግማሹ ለቅሶ አለብኝ አለ። ያን ቀን ብቻ በአገሩ ስንት ሰው እንደሞተ! ትርንጎ ተጠጋች።

«ጌታዬ፣ በዚህ አገር የቀረው ታማኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ለምን ራስዎ አይጠብቁትም?»

ነገሩ ጣመው። መክደኛው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ለምሳም አልወረደ። እንዲህ አድርጎ ዓርብን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጾመ።

ወደ ማታ አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሽማግሌው አባ ጓንጉል መክደኛውን አስነሱ። መሃሉ ጎድጉዷል።

ሕዝቡ ዞሮ ባላምባራስን አየ።

«ተጭኜው ይሆናል» አለ ባላምባራስ።

«ድንጋዩን ነው የተጫኑት ጌታዬ፣ ሰሙን አልነኩትም።»

«አይጥ ይሆናል።»

«እርስዎ ተቀምጠውበት? ጎበዝ አይጥ ነው» አሉ አባ ጓንጉል። ሕዝቡ ሳቁን በነጠላው አፈነ። «ለመሆኑ ዛሬ ጠባቂው ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ሕጉስ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ነገስ ቀኑ ማን ነው?»

ባላምባራስ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። «ትርንጎ! እህቴ! ያን ነገር ንገሪያቸው እንጂ!»

እህቴ ሆነች፣ ሰማችሁ?

«እኔ ብናገር ውጪ እባላለሁ። እርስዎ ይንገሩን» አለች።

«ሰም ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል» አለ በለሆሳስ።

«አልሰማንም!» አለ ሕዝቡ።

«ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል!»

«አልሰማንም!»

«ይሰበሰባል! ይሰበሰባል! ማንም አልሰረቀም!»

ሰንሰለቱ ተፈታ። ቢሻው እጁን አገላብጦ አየው፣ ከዚያ ሚስቱን አቀፈበት። አሰጌ አማቹን ዞር ብሎም አላየው። ባላምባራስ በሕዝቡ መሃል ሲያልፍ ከመቀመጫው የተነሳለት ሰው አልነበረም። በሩ ላይ ሲደርስ አባ ጓንጉል ተጣሩ።

«ጌታዬ! ትኩሱን ለክቶ የማለ፣ ሲበርድ ያፍራል።»